ለእማዬ የነገርኳት ግማሽ ትምህርት

ይህን የምጽፈው ለማስተማር ሳይሆን ጥፋቴን ለመናዘዝ ነው።

ሁለተኛ ዓመት ጨርሼ ለክረምት ዕረፍት ቤት ሄድኩ። በእኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ እማዬ በጀሪካን ታጠራቅምና ክሎሪን ጠብ ታደርግበታለች። እኔ ደግሞ ክሎሪን ውሃ ውስጥ ክሎሮፎርም እንደሚፈጥር ከአንድ ሃንድአውት መጀመሪያ ገጽ ላይ አንብቤ ነበር። «እማዬ፣ ይሄ ነገር ካንሰር ያመጣል፤ ተይው!» አልኳት። የተማረ ልጇ ተናገረ፤ ተወችው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ታናሽ እህቴን ተቅማጥ ጣላት። ጤና ጣቢያ ነርሷ «ውሃችሁን ታክማላችሁ?» ብላ ስትጠይቅ እማዬ ዞር ብላ አየችኝ። ምንም አላለችም። እህቴ ዳነች፤ በሽታው ከውሃው ይሁን ከሌላ ያረጋገጠልን የለም። እኔን ግን ያ ዝምታዋ እስካሁን ይቆጠቁጠኛል።

ግቢ ስመለስ ያቋረጥኩትን ንባብ ጨረስኩ። ነገሩ ውሸት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1974 ዮሃንስ ሩክ የተባለ የኔዘርላንድስ ኬሚስት፣ ክሎሪን ከበሰበሰ ቅጠልና ከአፈር ከሚመጣ ኦርጋኒክ ቁስ ጋር ሲገናኝ ክሎሮፎርምንና ዘመዶቹን፣ ማለትም ትራይሃሎሚቴኖችን፣ እንደሚፈጥር አሳየ። አሜሪካ በ1979 ገደብ አወጣች፤ ዛሬ የአራቱ ድምር በዓመት አማካይ በሊትር ከ80 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ታዛለች። የዓለም ጤና ድርጅት ለክሎሮፎርም ያስቀመጠው መጠን ደግሞ በሊትር 300 ማይክሮግራም ነው።

ይሄ መጠን ግን የሚሰላው ዕድሜ ልክ ለሚጠጣ ውሃ ነው። ጀርም ዕድሜ ልክ አይጠብቅም፤ በቀናት ውስጥ ይጥላል። ድርጅቱም ቢሆን ተረፈ ምርቱን በመፍራት ውሃ ማከም እንዳይዳከም ያስጠነቅቃል። መፍትሔው ክሎሪኑን መተው ሳይሆን አስቀድሞ ኦርጋኒክ ቁሱን መቀነስ ነው። ማጣሪያ ጣቢያዎች በአልሙኒየም ሰልፌት አርግተው፣ አዝቅጠው፣ በአሸዋ ሲያጣሩ ይህንንም ጭምር እየሠሩ ነው።

ለእማዬ ደወልኩላት። «ያን ጊዜ የነገርኩሽ ግማሹን ነበር» አልኳት።

ትንሽ ዝም ብላ «ታዲያ ቀሪውን ንገረኛ!» አለችኝ።

«ድፍርስ ከሆነ አስቀምጠሽ አጥልይው፤ በንጹህ ጨርቅ አጣሪው፤ ከዚያ ክሎሪንሽን እንደ ድሮሽ ጨምሪ።»

የዲፓርትመንታችን ልጆች፣ ቤት ሄደን የምንናገረው ይታመናል። ስለዚህ ሃንድአውቱን ጨርሰን እንሂድ።