የስለት ልክ

ሥራ ሲበላሽ ቀድሞ የሚከሰሰው ስለት ነው። ልብስ ሰፊው ጨርቁ ሲሸረካከትበት መቀሱን ያማርራል፤ ቆዳ ሠሪው ጠርዙ ሲጣመምበት ካራውን ይዞ ወደ ሞረዱ ይሄዳል። ስለት አንደበት የለውምና ለራሱ አይከራከርም። ነገሩ በጥሞና ሲመረመር ግን ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከስለቱ ሳይሆን ከልኩ፣ ወይም ስለቱ ከሚያርፍበት ገላ ሆኖ ይገኛል። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚለው የአበው ብሂል በፍርድ አደባባይ ብቻ ሳይሆን በሥራ ጠረጴዛም ላይ ይሠራል።

ይህን ጉዳይ ዛሬ እንዲነሣ የሚያደርገው በጎንደር ከተማ በማስታወቂያ ሥራ ቤቶችና በአንዳንድ መኖሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ የሚታየው ትንሽ የመቁረጫ ማሽን ነው። ማሽኑ ከኮምፒዩተር በሚደርሰው ትእዛዝ መሠረት ጫፏ ከመርፌ ብዙም የማይወፍር ስለት እየነዳ ወረቀት፣ ካርቶንና ስቲከር ይቆርጣል። በባጃጅ መስታወት ላይ የሚለጠፈው ጥቅስ፣ በሱቅ በር ላይ የሚነበበው ስም፣ በሠርግ አዳራሽ የሚሰቀለው የሙሽሮች ስም፣ በጥምቀት ዕለት ወደ ፋሲል መዋኛ የሚወርዱ ወጣቶች በካናቴራቸው ላይ የሚያሳርፉት ጽሑፍ ከዚህ ዓይነት ማሽን ሊወጣ ይችላል። ማሽኑ ትንሽ ይሁን እንጂ የሚያስተዳድረው እንጀራ ትንሽ አይደለም።

እንግዲህ አንድ ሠራተኛ ለሠርግ የታዘዘውን ጽሑፍ ሲቆርጥ ፊደሉ ጥርስ ጥርስ አወጣ፣ ማዕዘኑ ተነሣ፣ አንዳንዱም ሳይቆረጥ ቀረ እንበል። የመጀመሪያ ሐሳቡ «ስለቱ ዶልዱሟል» የሚል ነው። አዲስ ስለት ይገዛል፤ ችግሩ ግን አይለቀውም። ግፊቱን ይጨምራል፤ አሁን ደግሞ ስለቱ ስቲከሩን አልፎ የጀርባውን ወረቀት ይበጣና ፊደሉ ሲነሣ ወረቀቱም አብሮ ይመጣል። በዚህ ጊዜ ተናዶ ፍጥነቱንም፣ ጥልቀቱንም፣ ግፊቱንም ባንድ ላይ ይለዋውጣል። ሥራው ቢቃናለት እንኳ በምን እንደተቃና አያውቅም፤ ስለማያውቅም ነገ ያንኑ ችግር እንደ አዲስ ይገናኘዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው።

የማሽኑ ሥርዓት ግን ምስጢር አይደለም። የተለመደው ስለት በ45 ዲግሪ የተሳለ ሲሆን ለስስ ስቲከርና ለወረቀት ያገለግላል፤ በ60 ዲግሪ የተሳለው ደግሞ ለወፍራም ነገር ነው። ተራ ስቲከር ውፍረቱ ከ0.1 ሚሊ ሜትር ያንሳል። ስለዚህ ከማቀፊያው ብቅ የሚለው የስለት ጫፍ በዓይን እምብዛም የማይታይ፣ በጣት ብቻ ሻከር የሚል ሊሆን ይገባል። ስለቱ ሙሉ ሚሊ ሜትር ወጥቶ የሚታይ ከሆነ የሚቆርጠው ስቲከሩን ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያለውን ሁሉ ነው። አስተዋይ ሠራተኛ ዋናውን ሥራ ከመጀመሩ በፊት በቁራጭ ላይ ትንሽ አራት ማዕዘን ቆርጦ ያያል። ስቲከሩ በንጽሕና ተነሥቶ የጀርባው ወረቀት ላይ የጥፍር ጭረት የመሰለ ፈዛዛ ምልክት ብቻ ከቀረ ልኩ ተገኝቷል። ወረቀቱ ከተበጣ ልኩ አልፏል፤ ስቲከሩ ይዞ ካስቸገረ ገና ነው።

ይህ ዘዴ ለጎንደር እንግዳ አይደለም። ዐፄ ፋሲል ከተማይቱን በ1628 ዓ.ም. ገደማ መናገሻቸው ካደረጓት ወዲህ በየደብሩ ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣ ብዕር ቀርጸው መጻሕፍት የጻፉ ባለሙያዎች ሕይወታቸውን ያሳለፉት ከስለትና ከልክ ጋር ሲነጋገሩ ነው። የፍየሉ ወይም የበጉ ቆዳ በውኃ ተዘፍዝፎ በእንጨት ማዕቀፍ ላይ በገመድ ይወጠራል፤ ከሥጋው ወገን ያለው በስለት ይፋቃል፤ ጠጉሩም ይነሣል፤ በመጨረሻም በድንጋይ ታሽቶ ይለሰልሳል። በዚህ ሥራ ላይ ስለቱ የቱንም ያህል ቢሰላ ፋቂው አዘንብሎ የሚይዝበት ልክ ከተሳሳተ ቆዳው ይበሳል። ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አንድ የጥንት ብራና መጽሐፍ የገለጠ ሰው በገጹ መካከል ክብ ቀዳዳ፣ ወይም በክር የተሰፋ ስንጥቅ፣ ጸሐፊውም ቀዳዳውን ዞሮ መስመሩን ሲቀጥል ያያል። ከእነዚህ ቀዳዳዎች አንዳንዱ የእንስሳው ቁስል ሲሆን አንዳንዱ ደግሞ መጠኑን ያለፈ የእጅ ግፊት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው የመስመሩ አሠራር ነው። ጸሐፊው በብራናው ጠርዝ ላይ በወስፌ ነጥብ ነጥብ እያደረገ ይወጋና ከነጥብ ወደ ነጥብ ያለ ቀለም ያሰምራል። ለማስመሪያ የሚጠቅመው የተሳለ ጫፍ አይደለም፤ የተሳለው ብራናውን ይቆርጠዋልና። ጥቂት የደነዘ ጫፍ ያስፈልጋል፤ እርሱ ሳይቆርጥ ይጫናል፣ ሳያደማ ምልክት ይተዋል። እዚህ ላይ ድንዛዜ ጉድለት መሆኑ ቀርቶ ልክ ሆኗል። ዛሬ ማሽኑ ስቲከሩን ቆርጦ የጀርባውን ወረቀት እንዳይነካ የሚፈለገው ጥንቃቄ የዚሁ የመስመር ጥበብ ታናሽ ወንድም ነው። አንደኛው ስስ ሆኖ ይቆርጣል፤ ሁለተኛው ጭራሽ አይቆርጥም፤ ሁለቱም ግን የት መቆም እንዳለባቸው ያውቃሉ።

ብዕሩም እንዲሁ ነው። መቃው በካራ ይቀረጻል፤ ጫፉ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ከረዘመ ቀለሙ ይደፋል፤ ካጠረ ይደርቃል። በጎንደር ዘመን ለተስፋፋው፣ ጉልሕ ለሚባለው ትልቅና ሞላ ያለ ጽሕፈት ሰፊ አፍ ያለው ብዕር፣ ለረቂቁ ደግሞ ቀጭኑ ይቀረጻል። ፊደላችን ወፍራምና ቀጭን መልኩን ያገኘው ከዚህ ብዕር ነው። ችግሩ የሚመጣው ይህ በብዕር የተወለደ ፊደል በስለት እንዲቆረጥ ሲታዘዝ ነው። ብዕር የፊደሉን ሥጋ ይጽፋል፤ ስለት ግን ዙሪያውን ብቻ ይከተላል። የ«ሌ»፣ የ«ቤ»፣ የ«ሎ» ትንንሽ ቀለበቶች ጽሑፉ አነስ ሲል ከጤፍ ፍሬ ብዙም አይበልጡም። የማሽኑ ስለት ጫፉ ከሚዞርበት መሐል ጥቂት፣ ብዙውን ጊዜ 0.25 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ወደ ኋላ ይጎተታል። ይህ ርቀት ለማሽኑ በትክክል ካልተነገረው ቀለበቱ ሳይገጥም ይቀራል፤ ማዕዘኑም ይዶለድማል። ሠራተኛው «ስለቱ አይቆርጥም» ይላል፤ ስለቱ ግን በደንብ ቆርጧል፤ የቆረጠው የተሳሳተ ቦታ ላይ ነው። መፍትሔው የርቀቱን ቁጥር ማረም፣ ፍጥነቱን መቀነስ፣ ለትንሽ ጽሑፍም ቀለበቱ ሰፋ ያለ የፊደል ቅርጽ መምረጥ ነው።

ከስለቱና ከልኩ ቀጥሎ የሚመረመረው መደቡ ነው። ፋቂ ቆዳውን በሚገባ ሳይወጥር ስለት አያሳርፍም፤ የላላ ቆዳ ከስለቱ ፊት ይሸሻልና። ማሽኑም ወረቀቱን የሚይዝበት ሙጫ ያለው ንጣፍ አለው። ንጣፉ በበጋ አቧራ ሲለብስ፣ የወረቀት ብናኝ ሲጠጣ መያዙን ይተዋል፤ ወረቀቱ ከስለቱ ጋር አብሮ ይጎተትና ይቀደዳል። በክረምት ደግሞ እንደ ደባርቅና ዳባት ባሉ ጭጋግ በማይለያቸው ደጋ ከተሞች ወረቀት እርጥበት ይስባል፤ የራሰ ወረቀት ጠርዙ እንደ ጥጥ ይበጠራል እንጂ አይቆረጥም። ወረቀቱን ከዝናብ ወራት በፊት በላስቲክ ሸፍኖ ማስቀመጥ አዲስ ስለት ከመግዛት ይረክሳል። አንዳንዴም ከስቲከሩ የተነሣ ጭራሮ በስለቱ ማቀፊያ ውስጥ ይሸጎጥና ስለቱ እንዳይዞር ያስረዋል። የታሰረ ስለት እንደ ዶለዶመ ይቆጠራል፤ የሚያስፈልገው ግን መጥረግ ብቻ ነው። መብራት በሥራ መካከል ሲጠፋም ማሽኑ የተነሣበትን ነጥብ ይረሳል፤ መብራቱ ሲመለስ ካለበት ቢቀጥል ፊደል በፊደል ላይ ይደርባል። ስለዚህ መነሻውን በእርሳስ ምልክት አድርጎ መጀመር እንደ ብራናው የወስፌ ነጥብ ያገለግላል። ለካናቴራ የሚሆነው በሙቀት የሚለጠፍ ስቲከር ደግሞ ተገልብጦ፣ በመስታወት እንደሚታየው ሆኖ መቆረጥ አለበት፤ ይህን የዘነጋ ሰው ስለቱ ምንም ቢሰላለት የሚያነብለት አያገኝም።

ስለቱ ራሱ በእውነት የሚጠፋበት ጊዜም አለ። የእነዚህ ማሽኖች ስለት ጫፍ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ተንግስተን ካርባይድ ከሚባል እጅግ ጠንካራ ነገር ነው፤ ጠንካራ መሆኑ ግን ተሰባሪ ያደርገዋል። ልኩን ባለፈ ግፊት ከጠንካራ መደብ ጋር ሲጋጭ ጫፉ ይሸረፋል። አንጥረኛ ይህን ሕግ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል፦ የጋለ ብረት ውኃ ውስጥ ተነክሮ ሲወጣ ይጠነክራል፤ ከመጠን በላይ የጠነከረ ይሰበራል፤ ያልጠነከረው ይታጠፋል። በሁለቱ መካከል ያለውን ልክ አንጥረኛው የሚያውቀው በብረቱ ቀለምና በእጁ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ እውቀት የት ገባ? ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችው ወለቃ በሸክላ ሥራና በአንጥረኝነት የታወቁ ቤተ እስራኤላውያን ይኖሩባት የነበረች መንደር ናት። በአካባቢው የሚያርሰው ገበሬ ማረሻውንና ማጭዱን ከእነርሱ እጅ ይገዛ ነበር፤ እጃቸውን ግን «ቡዳ» እያለ ይፈራና ይንቅ ነበር። ከእነርሱ ብዙዎቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተካሄዱት ጉዞዎች ወደ እስራኤል ሄዱ። በሄዱ ጊዜም በእጃቸው የነበረው ልክ አብሯቸው ሄደ፤ የጻፈው አልነበረምና። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል፤ ከተጠቀሱት ስድቦች አንዱ ጸሐፊን ጠንቋይ ማለት መሆኑ የንቀቱን ስፋት ያሳያል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅም ለማረስ ፈቃደኛ የሆነ ሰው ሁሉ መሬት እንዲያገኝ በመፍቀዱ ርስት ለተነፈገው ሙያተኛ በር ከፍቷል። አዋጅ ስድብን ሊከለክል፣ መሬትን ሊያካፍል ይችላል። የጠፋ ልክን ግን መመለስ አይችልም።

መጻሕፍቱም ቢሆኑ ይህንኑ ይመሰክራሉ። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ወደ መቅደላ ካጓጓዟቸው ብራናዎች ብዙዎቹ በ1860 ዓ.ም. በእንግሊዝ ጦር ተወስደው ዛሬ በለንደን ይገኛሉ። ብራናው ተጠብቋል፤ ምሁራን ገጹን ይቆጥራሉ፣ ቀለሙን ይመረምራሉ። የፋቂው እጅ ስለቱን ምን ያህል እንዳዘነበለ ግን በየትኛውም ገጽ አልተጻፈም። የታሪክ ሊቁ ሥርግው ሀብለ ሥላሴ በ1981 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ መጻሕፍት አሠራር ያሳተሙት ጥናት የሚከበረው የሊቁን ቃል ብቻ ሳይሆን የፋቂውን መሣሪያ ጭምር ለመመዝገብ በመነሣቱ ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለትንሿ ማሽን ባለቤትም ይሆናል። ሥራ ሲበላሽ ከመደቡ ይጀመር፤ ንጣፉ ይጠረግ፣ ማቀፊያው ይጽዳ። ከዚያ ልኩ ይመርመር፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ፣ በቁራጭ ላይም ይፈተን። ስለቱ በመጨረሻ ይቀየር። ልኩ የተገኘ ዕለት ደግሞ በደብተር ይጻፍ፦ የዕቃው ዓይነት፣ የስለቱ ዲግሪ፣ ጥልቀቱ፣ ግፊቱ፣ ፍጥነቱ፣ ወሩም በጋ ይሁን ክረምት። የማሽኑ መመሪያ በባዕድ ቋንቋ ቢመጣም ደብተሩ በአማርኛ ሊጻፍ ይችላል፤ ስለት፣ ልክ፣ ጥልቀት፣ ግፊት፣ መደብ የሚሉት ቃላት ከማሽኑ በፊት የነበሩ ናቸውና። ቁጥሩን ከተለማማጁ የሚደብቅ ባለሙያ ገበያውን ለጥቂት ጊዜ ይጠብቅ ይሆናል፤ ሙያውን ግን ለመቃብር ያወርሳል።

የሙያ መምህራን ይህን ደብተር እንደ ትምህርት ሊቀበሉት፣ የኪነ ጥበብ ሰዎችም እንደ ድርሰት ሊያከብሩት ይገባል። ከአንድ ጠረጴዛ ወደ ሌላው፣ ከጎንደር ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ የሚተላለፍ አንድ ገጽ ቁጥር በመቶ የሚቆጠር የተበላሸ ስቲከር ያድናል። ከዚያም በላይ፣ ልክን አግኝቶ ሳይናገር ካለፈው ብዙ ሠራተኛ በኋላ፣ ያገኘውን ስሙን ጽፎ የሚያስረክብ ሠራተኛ መምጣቱን ያሳያል።