አራት ሰው፣ አምስት ቀን

ዩቲዩብ ላይ በመኪና እየዞሩ የሚያድሩ ፈረንጆች ማቀዝቀዣ፣ ባለ ሁለት ምድጃ ማድ ቤት፣ የዕቃ ማጠቢያ ሳይቀር አላቸው። የእኛዋ የጓደኛዬ ሚኒባስ ናት። የኋላ ወንበሮቿ ተነቅለው ፍራሽ ገብቶባታል፤ ማድ ቤቷ አንዲት ትንሽ የጋዝ ምድጃ፣ ሁለት ጄሪካን ውኃ እና አንድ ካርቶን ነው። በ2015 ዓ.ም. ታኅሣሥ፣ የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ ሁለት ወር ገደማ ሲሆነው፣ አራት ሆነን ለገና ላሊበላ ልንሄድባት ተነሣን። ኮድ ጸሐፊዋ እኔ ስለሆንኩ የምግቡ ዕቅድ ለእኔ ተሰጠ። በቃ፣ ኤክሴል ከፈትኩ።

ሠንጠረዡን ያጠበቡት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ጾም ነው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ገና ዋዜማ ስለሚቆይ ቋንጣው፣ እንቁላሉ፣ በቅቤ የታሸው ጩኮ ሁሉ ወጣ። ሁለተኛው ጋዝ ነው። ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ባቄላና ሽምብራ ቶሎ አይበስሉም። አዲስ አበባም ያው ነው፣ ግን ቤት ውስጥ ምድጃው ስንት ሰዓት ቢነድ ማን ይቆጥራል? ሦስተኛው መንገዱ ነው። በደሴና በወልድያ አድርጎ፣ ጋሸና ላይ ወደ ላሊበላ እስኪታጠፍ ድረስ፣ ጠቅላላው 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። እንጀራ ደግሞ ያለ ማቀዝቀዣ ከሦስት ቀን በኋላ መሻገት ይጀምራል።

እማዬ የላስታ ልጅ ናት። ስነግራት ሠንጠረዡን ዐይታ እንኳ አላየችውም። «ለስንት ሰው ነው?» አለችኝ።

«አራት ሰው፣ አምስት ቀን።»

ከዚያ ቤቱ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቁሌት ቁሌት ሸተተ። ለበሶ የሚሆነው ገብስ ታመሰ፣ ተፈተገ፣ እንደገና ተቆላ፣ ወፍጮ ቤት ሄደ። እንጀራው ተቆራርሶ ሰፌድ ላይ ፀሐይ እየመታው ድርቆሽ ሆነ። ተልባው ተቆልቶ ተወቀጠ። ሽሮው ከነቅመሙ ተፈጭቶ በጣሳ ታሸገ። የገብስ ቆሎው በፌስታል፣ ሚጥሚጣና ጨው በብልቃጥ።

መንገድ ላይ የቀረልን ሥራ የሚያስቅ ነበር። ቁርስ፦ በሶ፣ ውኃ፣ ጨው፣ ሚጥሚጣ፣ ማንኪያ። ምሳ፦ ተልባውን በውኃ በጥብጦ ድርቆሹን መፈትፈት፣ እሳት አያስፈልገውም። ራት ብቻ ሽሮ ይፈላል፤ ጥሬው ቤት ስለታመሰና ስለደቀቀ ምድጃዋን ብዙ አያቆይም። በእኛ ሙያ ቋንቋ ኮምፓይል የተደረገው አዲስ አበባ ነው፤ ላስታ ላይ ማስነሣት ብቻ። «ቀላል ምግብ» የሚባለው ነገር ይኼው ነው፤ ድካሙ አልጠፋም፣ ቀድሞ በሌላ ሰው ትከሻ አልፏል። የእማዬ ቀኝ ትከሻ ከገና በኋላም ሲያማት ነበር።

አንድ ነገር ግን ከሠንጠረዡ ጋር አልገጠመም። በሶ 2 ኪሎ ብዬ ነበር፤ የተሸከፈው 4 ኪሎ ነው። ስጠይቃት ገብሱን መንፋቷን ሳታቆም መለሰችልኝ። በ1977 ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ያኔ እነሱ ቤት የምግብ ዕቅድ ማለት «የዘሩን ገብስ እንብላው ወይስ እናቆየው?» ነበር። በልተውት በእግር ተሰደዱ፤ ስንቁ በሦስተኛው ቀን አለቀ። አንዲት የማያውቋት ሴት ከአቁማዳዋ በሶ ዘግና ለልጆቹ አደለች። እማዬ ስሟን አታውቅም። «እሷም ለራሷ ልጆች ቆጥራ ነበር የያዘችው» አለችና ወደ ንፊያዋ ተመለሰች። ስለዚያ ዓመት ከዚህ በላይ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።

ከጋሸና በኋላ መንገዱ ዳር ዳር በእግሩ የሚሄድ ምእመን ነበር፤ ነጠላ የለበሰ፣ ዱላ የያዘ፣ ስንቁን በጀርባው ያዘለ። ምሳ ለመብላት ስንቆም ሰው እያለፈ ዝም ብሎ መጉረስ እንዴት ይሆናል? «እንብላ!» አልን። ሁለት ሽማግሌዎችና አንዲት የልጅ ልጇን የያዘች እናት ተቀመጡ። እናቲቱ ከቋጠሮዋ የባቄላ ቆሎ አውጥታ በእፍኝ በእፍኝ አከፋፈለችን። በማግስቱም ሌሎች ተቀመጡ። በአራተኛው ቀን የበሶውን ጣሳ ስከፍት ለእኛ የሚበቃን ብቻ ቀርቶ ነበር።

ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት የተነሣ ያን መንገድ ደግመን አልሄድንበትም። ሚኒባሷ አሁን ቅርብ ቅርቡን፣ ወንጪና ላንጋኖን ነው የምታየው። እማዬ «መንገዱ ሰላም ሆነ ወይ?» እያለች ትጠይቃለች፤ እህቷ እዚያ ናት። ገብሱን አሁን የምቆላው እኔ ነኝ፣ እሷ ወንበር ላይ ተቀምጣ «አረረ!» ትላለች።

ሠንጠረዡ ላይ ከአራታችን ስም በታች ስም የሌለው አምስተኛ ረድፍ አለ። ለእያንዳንዱ ቀን ይቆጠርለታል። ለወንጪ ይበዛል ይሉኛል። ይብዛ፣ በሶ አይበላሽም።