ወደ አርብ ገበያ የተጓዘው ቴሌቪዥን

እትዬ ከአርብ ገበያ የደወሉልኝ ጥቅምት ላይ ነው። «ተሌቪዥኑ ጭጋግ ለብሶብኛል፤ የሰው ፊት አልለይ ብሎኛል። አንች ግን ገንዘብሽን እንዳታወጭ!» አሉኝ። እትዬ ታላቄ ናቸው፤ እናታችን ካረፈች በኋላ ያሳደጉኝም እሳቸው ናቸው። «እንዳታወጭ» ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ።

ቴሌቪዥናቸው 21 ኢንች፣ ጀርባው እንደ ጎታ የተነፋ፣ እኔው ራሴ በደመወዜ የገዛሁላቸው ነው። የእትዬ ልጅ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው። ጉዳዩን ሲሰማ «አክስቴ፣ እሱማ ሙዚየም ይግባ! 55 ኢንች፣ ፎርኬ፣ ስማርት ይሁን፤ ግማሹን እኔ አዋጣለሁ» አለኝ። እኔ ደግሞ ባሕር ዳር ስለምኖር የመግዛቱ ዕዳ በእኔ ላይ ወደቀ።

ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ትሑት ልጅ ነው፤ «እማማ ይቀመጡ» ብሎ ወንበር ሰጥቶኝ ኤልኢዲ፣ ኪውኤልኢዲ፣ ኦኤልኢዲ እያለ ይዘረዝርልኝ ጀመር። አንዱን ወደድኩት ስለው «እሱ የዓምናው ነው፤ የዘንድሮው እየመጣ ነው» ይለኛል። የዘንድሮውን ልጠብቅ ስለው «እሱ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ይወጣል» ብሎ ይስቃል። ዕድሜዬን ሙሉ መድኃኒት ከመስጠቴ በፊት የማለፊያ ቀኑን አይቻለሁ። ቴሌቪዥን ግን የማለፊያ ቀን አለው፤ ካርቶኑ ላይ አይጻፍም እንጂ።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. በጥቁርና ነጭ ጀመረ። ቀለም ያየነው የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሲከበር ነው። በመካከሉ ሃያ ዓመት ገደማ አለ፤ ያንን ያህል ጊዜ አንድ ሣጥን ጨዋ ሆኖ ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ ያረጃል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ነው ሩጫው የመጣው። ፕላዝማን የሚያስታውስ አለ? አንድ ሰሞን የሀብታም ቤት ምልክት ነበር፤ በ2006 ዓ.ም. ገደማ ትልልቆቹ አምራቾች ሁሉ መሥራቱን ተዉት። ያኔ ቤቱን ሸጦ ፕላዝማ የገዛ ሰው ቢኖር አሁን ምን ይል ይሆን?

በእትዬ ቤት ግን ለውጡ የመጣው በሌላ በር ነው። በ2012 ዓ.ም. ኢትዮሳት ሥራ ሲጀምር የአገራችን ጣቢያዎች በምዕራብ 7 ዲግሪ ካለው ናይልሳት እየለቀቁ፣ በምሥራቅ 57 ዲግሪ ወዳለው ሳተላይት ተሻገሩ። ጣሪያ ላይ ያለው ዲሽ ሁሉ ፊቱን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ አዞረ። ዲሹ ብቻ ቢዞር ባልከፋ፤ የቆየው ሪሲቨርም ኤችዲ ሥርጭት ማንበብ አይችልም ነበርና እሱም ተቀየረ። ባለ ጎታው ቴሌቪዥን ግን ከአዲሱ ሪሲቨር ጋር በቀይ፣ ነጭና ቢጫ ገመድ ተያይዞ ምንም ሳይሆን ቀጠለ። ቶሎ የሚያረጀው ሥዕሉን የሚያሳየው መስታወት ሳይሆን ሥርጭቱን የሚቀበለው ክፍል እንደሆነ የገባኝ ከዚህ ነው። ሁለቱ ለየብቻ ከሆኑ ያረጀው ብቻ ይቀየራል። ሁሉም አንድ ላይ ከተቋጠረ፣ አንዱ ሲያረጅ ሌላውን ይዞት ይወድቃል።

ስማርቱን የተውኩትም ለዚህ ነው። ኢንተርኔት ከሌለ ስማርት ቲቪ ያው ቲቪ ነው። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር የሚረሳ የለም። ኢንተርኔቱ ቢኖርስ የስልክ ዳታ እየገዛ በ55 ኢንች ፊልም የሚያይ ማን ነው? ፎርኬ የሚሉት በአግድም 3840፣ በቁም 2160 ነጥብ ያለው፣ የሙሉ ኤችዲ አራት እጥፍ ነው። ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የእትዬ መደብ ከቴሌቪዥኑ ሦስት ሜትር ይርቃል፤ ከዚያ ርቀት የ43 ኢንች ፎርኬና ሙሉ ኤችዲ በዓይን አይለይም። ስለዚህ 43 ኢንች፣ ተራ ኤልኢዲ፣ የድሮውን ባለ ሦስት ቀለም ገመድ የሚቀበል መረጥኩ። በተረፈው ገንዘብ ስታብላይዘር ገዛሁ። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚያቃጥለውን ዕቃ እኔ ነኝ የማውቀው፤ የጤና ጣቢያ ፍሪጅ ስንቴ አልቅሼበታለሁ!

የመንገዱን ሰላም በስልክ ደጋግሜ ጠይቄ ኅዳር ላይ ተነሣሁ። ካርቶኑ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አይጫንም አልኩ። ረዳቱ «እንግዲያው የሰው ሒሳብ ይከፈልበት» አለ፤ ከፈልኩ። ወረታን አልፈን ደብረ ታቦር ስንደርስ ጋፋት ትዝ አለኝ። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያስቀረጹት እዚያ ነው። 7 ቶን ገደማ ይመዝናል የሚባለውን መድፍ በ1860 ዓ.ም. ሰው እየጎተተው፣ መንገድ እየተጠረገለት፣ ገደል እየወረደ እየወጣ መቅደላ አደረሱት። ዛሬም እዚያው ነው። እኔ አንድ ካርቶን በጉልበቴ አቅፌ ወገቤ ተቆረጠ እያልኩ አማርራለሁ። የጉናን ብርድ አልፈን፣ ክምር ድንጋይን አልፈን፣ ነፋስ መውጫ ስንደርስ ስሟን ያወጣላት ሰው እንዳልተሳሳተ አረጋገጥኩ። ከዚያ ወደ ታች ጋይንት፣ አየሩ እየሞቀ፣ የበሽሎ ሸለቆ ከሩቅ ጭስ መስሎ እየታየ።

አርብ ገበያ የደረስኩት ሐሙስ ማታ ነው። ዓርብ ጠዋት ከተማዋ በስሟ ስትጠራ ማየት ደስ ይላል። ጤፍ፣ ባቄላ፣ በርበሬ፣ ጌሾ፣ በግ፤ በአንድ ጎን ደግሞ የሶላር መብራት፣ ሪሞትና የስልክ ቻርጀር። የድጓ ምስክር የሚሆኑባት ቤተልሔም በዚሁ በጋይንት ምድር ናትና፣ ተማሪዎች ኮፊያቸውን ደፍተው በዱላቸው ተደግፈው በገበያው መሐል ያልፋሉ። ድጓውን ያለ ሪሲቨር በቃላቸው የያዙ ልጆች ናቸው።

የዲሽ ባለሙያው ልጅ ከገበያ መጥቶ አዲሱን ገጠመልን። የድሮውን እሱው ሁለት ጊዜ አስነሥቶታል፤ አንዲት ካፓሲተር ቀይሮ። «ይሄኛው ግን ሲስተር፣ መስታወቱ ከተሰነጠቀ እጄ ላይ አይድንም፤ መስታወቱ ራሱ የቴሌቪዥኑን ዋጋ ሊጠጋ ምንም አይቀረው» ብሎ አስጠነቀቀን። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ ቡና ተቆላ። ሥዕሉ ሲመጣ ሁሉም «እሰይ!» አለ።

እትዬ ዝም አሉ። ትንሽ ቆይተው ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩና «ይሄም ጭጋግ አለበትሳ» አሉኝ።

የሆነ ነገር ሆዴን ወጋኝ። ማንም ሳያየኝ ጓዳ ገብቼ የድሮውን ለኮስኩት። ሥዕሉ ጥርት ያለ ነው። ተመልሼ እትዬን በር ላይ ወደ ብርሃን አዙሬ አስቀመጥኳቸው፤ የስልኬን መብራት ዓይናቸው ላይ አበራሁ። የሁለቱም ዓይን ብሌን ግራጫ ነጭ ሆኗል። የዓይን ሞራ። ጣቴን ቁጠሩ አልኳቸው፤ በቀኙ ዓይን ከአንድ ሜትር አላለፉም።

በ1998 ዓ.ም. በአገራችን በተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከዓይነ ሥውርነት ግማሽ የሚሆነው በሞራ ምክንያት የመጣ ነው። ይህን እኔ ስንት ሴሚናር ላይ ሰምቻለሁ፣ ለስንት ሰው አስተምሬያለሁ። እኅቴ በስልክ «ጭጋግ» ሲሉኝ ግን ኢንችና ፎርኬ ስቆጥር ከረምኩ። የሞራ ዓይን ቀለምን ያደበዝዛል፤ ሰማያዊውን ይውጠዋል። ያ ሻጭ «ቢሊዮን ቀለም» ያለኝን ብገዛላቸው ኖሮም ያው ነበር።

«እትዬ፣ ለምን ቀድመው አልነገሩኝም?»

«ተሌቪዥኑ መስሎኝ ነዋ! አንችም እሱ ነው አላልሽኝ?»

ቀዶ ሕክምናው ረጅም እንዳልሆነ፣ ዓይኑን ብቻ አደንዝዘው የደፈረሰውን ሌንስ አውጥተው ሌላ እንደሚተኩበት ነገርኳቸው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል እንሄዳለን አልኩ። መጀመሪያ «በእግዚአብሔር ዓይን የሰው እጅ?» አሉ፤ ቀጥሎ ዶሮዎቹን ማን ያያል አሉ። ዶሮዎቹ ላይ ከደረስን እሺ ማለታቸው ነው። ከጥምቀት በኋላ ሊሄዱ ተስማማን። ልጃቸው ለ55 ኢንቹ ሊያዋጣ የነበረውን ለጉዞው እልካለሁ አለ።

የዲሹ ልጅ ዕቃውን ሲሰበስብ ባለ ጎታውን እያየ «ይሄንንስ ለመለዋወጫ ልውሰደው?» ብሎ ጠየቀ።

«ተው፣ አትንካው» አሉ እትዬ፤ «እሱ ምን አጠፋ?»