ከየካ ወደ እንጦጦ፤ ስለ ማገዶ ነገር

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ባለው መንገድ በእግራችን ወደ እንጦጦ ወጣን። ረፋዱ ብርድ ነበረ፤ የባሕር ዛፉም ሽታ ከጉሙ ጋራ ተቀላቅሎ ይመጣ ነበር። ተራራው ከባሕር ወለል በላይ 3200 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ከዚያ ሆነን ቁልቁል ስንመለከት ከየካ ሰፈሮች የምጣዱና የምድጃው ጢስ ሲነሣ አየን።

የተራራው የዛሬ ልብሱ የጥንት ልብሱ አይደለም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በእንጦጦ በከተሙ ጊዜ፥ የነበረው ጥድና ወይራ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ እየተቆረጠ ተመናመነ። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ በፍል ውሃ አጠገብ አዲስ አበባን ከቈረቈሩ በኋላም የዕንጨት ችግር ስለ በረታ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። በ1880ዎቹ ዓመታት የገባው የአውስትራልያ ባሕር ዛፍ ግን ከተማውን ከመነቀል አዳነው፤ ፈጥኖ ያድጋልና፥ ቢቈርጡትም ከጉቶው ዳግመኛ ያቈጠቍጣልና።

በምንወርድበት ጊዜ ጀርባቸው እስኪጐብጥ ቅጠልና ዕንጨት የተሸከሙ ሴቶች አገኘን። አንዲት እናት ሸክማቸውን በድንጋይ ላይ አሳርፈው ነበርና፥ «እናቴ፥ ይህን ለማን ይሸጡታል?» ብለን ጠየቅናቸው። «ለዳቦ ጋጋሪም፥ ለእንጀራ ጋጋሪም፥ ጌታዬ፤ የፈለገ ይገዛዋል» አሉን። «ጋጋሪውም ፋብሪካውም በሌላ ማገዶ ቢሠራ ይህ ድካም አይቀርልዎምን?» ብንላቸው፥ «ድካሙስ ይቀር ነበር፤ እኔ ምን በልቼ አድራለሁ?» አሉ። ወዲያው መልስ አጣንና ሸክሙን አንሥተን አሸከምናቸው።

ስለ ሌላ ማገዶ መናገራችን ያለ ምክንያት አልነበረም። በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረው ከወንጂ አንሥቶ የስኳር ፋብሪካዎቻችን የሚሠሩት በራሳቸው ትራፊ ነው። ከመቶ ኩንታል አገዳ ከ25 እስከ 30 ኩንታል ያህል ገለባ ይተርፋል፤ ባጋስ የሚሉት ነው። እርሱ ነድዶ ውሃውን ያፈላል፤ እንፋሎቱም መኪናውን ያዞራል፥ ኤሌክትሪክም ያመነጫል። ቡናም እንዲሁ ነው፤ ጀንፈሉ በተፈለፈለ ጊዜ ግማሽ ያህሉ ገለባ ይሆናል። ይህ ገለባ በደረቀ ጊዜ በሚዛን ሲተያይ የሚሰጠው ሙቀት ከደረቅ ዕንጨት ብዙ አያንስም። ነገር ግን ብዙ ጊዜ በመፈልፈያው ደጃፍ ተከምሮ ይበሰብሳል። በከተማችንም ከአናጢዎች ቤት የሚወጣው ሰጋቱራ ለማገዶ ይበቃል።

ይሁን እንጂ ነገሩ ያለ ጥንቃቄ አይሆንም። ገለባ ቀላልና ብዙ ቦታ የሚይዝ ስለ ሆነ፥ ሩቅ ለመውሰድ በመኪና ተጨምቆ እንደ ጡብ መጠንከር አለበት። እርጥብ ከሆነ ሙቀቱ ውሃውን በማትነን ያልቃል። ለዕንጨት በተሠራ ምድጃ እንዲያው ቢጨምሩት ይጨሳል፥ አመዱም እየቀለጠ ይጋገርና ምድጃውን ይዘጋል፤ ስለዚህ ምድጃው ለእርሱ እንዲስማማ ሆኖ መሠራት አለበት። ከብት የሚበላውን ጭድና ለማሳው ፍግ የሚሆነውን ኩበት ግን ለፋብሪካ መውሰድ አይገባም፤ ዛፍ አዳንን ብለን እርሻ እንዳናስርብ።

ለእኒያ እናት ያልመለስነውን ቃል ቤታችን ደርሰን አሰብንበት። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ተከፍቶ ብዙ ቤተ ሰብ ለመናፈስ ይወጣል፤ ዱሩ መጠበቁም ደግ ነው። ነገር ግን ዱሩን የምንጠብቀው ደኻይቱን ከእንጀራዋ አባረን እንዳይሆን ያሰጋናል። ስለዚህ ፋብሪካም ዳቦ ቤትም ማገዶውን ሲለውጥ፥ ሰጋቱራውንና ገለባውን የመሰብሰብ፥ የማድረቅና የመጭመቅ ሥራ አስቀድሞ ለእነዚህ ሴቶች ይሰጥ እንላለን። እነርሱ ማገዶ ማወቅን ከማንም አይማሩም፤ የትኛው ደረቅ፥ የትኛው እርጥብ እንደ ሆነ በእጃቸው ዳስሰው ይለያሉ። በሥልጣን ላይ ያላችሁ አንባቢዎቻችን ይህን አስቡበት፤ እመቤቶችም ማገዶ ሲገዙ ከማን ትከሻ እንደ ወረደ ያስታውሱ።