«ነቀዝ የበላው ድንጋይ ለልጄ?»

አክስቴ ከአሰላ ደወለችልኝ። «ነይና ይሄን ጉድ እይልኝ! ሽማግሌ ልኮ ልጄን የጠየቀ ሰው፣ ቀለበት ላይ የቆሸሸ ድንጋይ አድርጎ መጣ!» ለሠርጉ የቀረው ሦስት ሳምንት ነው። «ካልቀየረ ይቅር» ብላለች አሉ።

በማግስቱ አዳማ ላይ መኪና ቀይሬ ሽቅብ ወጣሁ። ዴራንና ኢተያን ካለፋችሁ በኋላ አየሩ ይለወጣል፤ ጃኬት ያልያዘ ተሳፋሪ እጁን ብብቱ ውስጥ ይከታል። ግራ ቀኙ ስንዴና ገብስ ነው፤ ወደ አሰላ ሲጠጉ ደግሞ በስተግራ ጭላሎ ደመናውን ተከናንቦ ይቀበላችኋል።

እናላችሁ፣ አክስቴ እህል ነጋዴ ናት። ስንዴ መዳፏ ላይ አሸት አሸት አድርጋ ነቀዝ የበላውን ትለያለች። ቀለበቱንም በዚያው ዓይን ነው ያየችው! ድንጋዩ ኤመራልድ ነው። ሙሽራው ሹፌር ነው፤ ጉጂ ድረስ ወርዶ ከሻኪሶ የገዛው ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ2016 ጥሩ ጥሩው መውጣት ከጀመረ ወዲህ በዓለም ገበያ ስም አለው። አረንጓዴነቱ ያምራል፤ ውስጡ ግን ቡናማና ጥቁር ነጠብጣብ ተበትኖበታል።

ሦስታችን ወርቅ ሠሪ ቤት ሄድን። ሰውየው 10 እጥፍ በምታጎላው መነጽሩ አገላብጦ አየው። «እማማ፣ ይሄ ነቀዝ አይደለም» አላት። «ድንጋዩ የሚበቅለው ሚካ የሚባል ማዕድን ባለበት አለት መሀል ነው። ነጠብጣቡ የዚያ አለት ቅንጣት ነው። ነቀዙን ላሳይዎት?» ብሎ መነጽሩን ሰጣት። ጠርዙ ላይ እስከ ውጭ የደረሰች ቀጭን ስንጥቅ አለች። ጠንከር ያለ ነገር ቢመታው የሚሰበረው በእሷ በኩል ነው።

ውድ አንባብያን፣ ልዩነቱ ይኼው ነው። ነጠብጣብ ድንጋዩን አይሰብረውም፤ ፊቱ ላይ የወጣ ስንጥቅ ግን ይሰብረዋል። ስንጥቁን በዘይት ሞልተው የሚሸሽጉም ስላሉ፣ ኤመራልድ አድርጋችሁ በትኩስ ውሃ ዕቃ አትጠቡ። «ጥርት ያለ» የተባለ ሁሉም አያስጎምጃችሁ። እኔ ከአንድ ሱቅ ጥርት ያለ ኤመራልድ ተብዬ የገዛሁት ጠርሙስ ሆኖ አረፈው! በመነጽር ሲታይ ውስጡ ክብ የአየር አረፋ ነበር። ነጠብጣብ ብቻውንም ማስረጃ አይሆንም፤ ብዙ ገንዘብ የምታወጡበትን ለባለሙያ አሳዩ።

አልማዝም ቢሆን ያው ነው። ጥቁር ነጠብጣብ የበዛበት አልማዝ ድሮ በአብዛኛው ለመቁረጫና ለመሰርሰሪያ ነበር የሚውለው። ዛሬ ውጭ አገር ሙሽሮች ፈልገው ይገዙታል፤ ከጥርቱ ይረክሳል፣ አንዱም አንዱን አይመስልም።

ወርቅ ሠሪው ድንጋዩን በአራት ጥፍር ከመያዝ ይልቅ ዙሪያውን በወርቅ ማቀፍ ይሻላል አለ፤ ስንጥቋም ትሸፈናለች። አክስቴ ዝም ብላ ቆየች። «ታዲያ እሱ ይህን ቀድሞ አይነግረኝም?» እውነቷን ነው! ነጠብጣብ ያለበትን አውቆ የመረጠ ሰው፣ ለምን እንደመረጠው ለአማቱ መንገር ነበረበት።

ስንወጣ ስልኳን አወጣች። «ልጄ፣ ቀለበቱ ወርቅ ሠሪው ጋ ይቆያል። አንተ ግን ማታ እራት ና።»