ስለ መውጣትና ስለ መውረድ

በ2017 ዓ.ም. የዳግማይ ትንሣኤ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ማታ፣ ከደቀ መዛሙርቴ አንዱ የሚሆን ዲያቆን ቅኔውን ሊነግረኝ ከሚገባው ሰዓት እጅግ ዘግይቶ መጣ። በከተማችን በመካነ ኢየሱስ የእንግሊዝን የእግር ኳስ ጨዋታ ዋጋ እያስከፈሉ የሚያሳዩ ቤቶች እንዳሉ አውቃለሁና ወዴት እንደ ዋለ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ነገር ግን ፊቱ እንደ ሐዘንተኛ ጠቁሮ ባየሁት ጊዜ «ምን አገኘህ?» አልሁት። «የኔታ፣ ሦስተኛውም ወረደ» አለኝ።

ሦስተኛው ማን እንደ ሆነ ብጠይቀው፣ ኢፕስዊች የሚባለው ቡድን በዚያው ቀን በኒውካስል 3 ለ 0 ተሸንፎ ከላይኛው ማዕርግ መውረዱ የተቈረጠ መሆኑን፣ ከእርሱ አስቀድሞም ሳውዝሃምፕተን በዐቢይ ጾም፣ ሌስተር ደግሞ በራሱ በትንሣኤ ቀን መውረዳቸውን፣ ሦስቱም ባለፈው ዓመት ከታችኛው ማዕርግ አብረው የወጡ መሆናቸውን ነገረኝ። እኔም ስለ መዘግየቱ ልገሥጸው ያዘጋጀሁትን ቃል ትቼ ነገሩን ከሥሩ እንዲያስረዳኝ አዘዝሁት። በዚያ ሌሊት ቅኔው ሳይነገር ቀረ።

ይህን የሚያነቡ አባቶችና ወንድሞች «ይህ ሰው በስተርጅና ኳስ አማረው» እንዳይሉኝ እፈራለሁ። እኔ በዕድሜዬ ኳስ መትቼ አላውቅም፤ በልጅነቴ የማውቀው የገናን ጨዋታ ነው። በገና የላይ ቤትና የታች ቤት ሰዎች ተሰልፈው ይጋጠማሉ፤ የተሸነፈው ወገን ዓመት ሙሉ ሲዘለፍ ይኖራል እንጂ «ከእንግዲህ ከእኛ ጋር አትጫወትም» አይባልም። በሚመጣው ገና ያው ሜዳ፣ ያው ባላጋራ ይጠብቀዋል። የእንግሊዞች ሥርዓት ግን ሌላ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1888 (የውጭውን ዘመን ሁሉ በዚሁ እቈጥራለሁ) 12 ቡድኖች ማኅበር አቋቋሙ፤ በ1892 ሁለተኛ ክፍል ተጨመረ፤ ከ1898 ወዲህ ደግሞ በውድድሩ ፍጻሜ ወደ ኋላ የቀረው ያለ ማጣሪያ ግጥሚያ እንዲወርድ፣ ከታች የበለጠውም እንዲወጣ ሕግ ሆነ። ዛሬ ፕሪሚየር ሊግ በሚሉት በላይኛው ክፍል 20 ቡድኖች አሉ፤ በየዓመቱ 3 ይወርዳሉ፣ 3 ይወጣሉ።

ሕጉን በሰማሁ ጊዜ ደስ አለኝ፤ የቅኔ ቤት ሕግ ነውና። በቅኔ ቤት የባለጸጋ ልጅ ስለ ሆነ ብቻ መወድስ የሚቀኝ የለም። ተማሪ ሁሉ ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ዘአምላኪየን፣ ሚበዝኁን፣ ዋዜማን፣ ሥላሴን እያለፈ ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ ይደርሳል። ቤት የፈረሰበት፣ ሰሙና ወርቁ ያልተስማማለት ወደ ታች ይመለሳል፤ ይህንንም ግፍ ነው የሚለው የለም። በሉቃስ ወንጌል በመጀመሪያው ምዕራፍ ያለውን የእመቤታችንን ጸሎት ዕለት ዕለት የሚያደርስ ሰውም የኃያላን መውረድ የትሑታንም መውጣት እንግዳ አይሆንበትም።

ዲያቆኑን ያሳዘነው ግን የሦስቱ አወራረድ ነበር። በዚያ ዓመት የወረዱት ያገኙት ነጥብ ሌስተር 25፣ ኢፕስዊች 22፣ ሳውዝሃምፕተን 12 ሲሆን፣ በ17ኛው ስፍራ ለጥቂት ተረፈ የሚባለው ቶተንሃም 38 ነበረው። ይህ ለጥቂት መትረፍ አይባልም፤ በመካከላቸው ገደል አለ። ሳውዝሃምፕተን የወረደው ገና 7 ግጥሚያ ሲቀረው ነው፤ በፕሪሚየር ሊግ ዘመን ይህን ያህል ቀድሞ የወረደ አልነበረም። በቀደመውም ዓመት፣ በ2024፣ ከታች የመጡት ሉተን፣ በርንሊና ሼፊልድ ዩናይትድ ሦስቱም በመጡበት ዓመት ተመልሰዋል። የወጡት ሁሉ አብረው የወረዱበት ጊዜ በዚያ ሊግ ከዚህ በፊት አንድ ብቻ፣ ይኸውም በ1998 ነበር፤ አሁን ግን ሁለት ዓመት ተከታትሎ ሆነ።

ምክንያቱ ገንዘብ ነው። በ1992 የላይኛው ክፍል ቡድኖች ከቀድሞው ማኅበር ተለይተው ፕሪሚየር ሊግን ያቆሙት ከቴሌቪዥን የሚመጣውን ገንዘብ ለብቻቸው ለመካፈል ነው። ዛሬ ከሁሉ በታች ሆኖ የሚጨርሰው እንኳ ከ100 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ይቀበላል፤ በሁለተኛው ክፍል ያለው ደግሞ ከዚህ እጅግ ያነሰ። የወረዱትም ድንገት እንዳይሰበሩ «የፓራሹት ክፍያ» የሚሉት ተሠርቶላቸዋል። ፓራሹት ከአይሮፕላን የሚዘል ወታደር በሰላም ወደ ምድር የሚደርስበት ጥላ ነው። በመጀመሪያው ዓመት በላይ ያሉት እኩል ከሚካፈሉት የቴሌቪዥን ገንዘብ ከመቶ 55፣ በሁለተኛው 45፣ በሦስተኛው 20 ይሰጣቸዋል፤ የሦስተኛውን ዓመት ግን በላይ አንድ ዓመት ብቻ ቈይቶ የወረደ አያገኝም። አሳቡ ምሕረት ይመስላል። ሥራው ግን ወርዶ የመጣው ቡድን በታች ካሉት ድሆች መካከል ባለጸጋ ሆኖ እንዲቀመጥ ነው፤ ከላይ ሆኖ የማያውቀውም ከሁለት ባላጋራ ጋር ይታገላል፤ አንዱ በላዩ ነው፣ ሁለተኛው በአጠገቡ።

ዲያቆኑም «ላለው ይጨመርለታል የሚለው ይህ አይደለምን?» አለኝ። አይደለም አልሁት። በመክሊቱ ምሳሌ ጌታው ተመልሶ መጥቶ ሁሉን በየአቅሙ ይተሳሰባል፤ በዚህ ግን የሚተሳሰብ የለም።

ከነገረኝ ሁሉ ልቤን የያዘው የሉተን ታሪክ ነው። ሉተን ከለንደን በስተሰሜን ያለች፣ ሕዝቧ በቀድሞ ዘመን የሣር ባርኔጣ በመስፋት ይታወቅ የነበረ ከተማ ናት፤ ቡድኑም እስከ ዛሬ ባርኔጣ ሠሪዎች ይባላል። ይህ ቡድን ከላይኛው ክፍል የወረደው በ1992 የጸደይ ወራት፣ አዲሱ ሊግ ሊጀመር ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው። ማዕዱ ሊቀርብ ሲል ከደጅ ተባረረ ማለት ነው። ከዚያም ወዲህ በመውረድ ላይ መውረድ ተጨመረበት። በገንዘብ አያያዝ ጥፋት ምክንያት በ2008 ውድድሩን ሲጀምር 30 ነጥብ ተቀነሰበት፤ በ2009 ከአራቱ ክፍሎች ሁሉ ወጥቶ ወደ አምስተኛው ወደቀ። በዚያ አምስት ዓመት ኖሮ በ2014 ወጣ፤ እየወጣም በ2023 በዌምብሌይ ኮቨንትሪን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፎ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ ላይኛው ክፍል ተመለሰ። ሜዳው 12 ሺህ ያህል ሰው ብቻ የሚይዝ ጠባብ ሲሆን፣ የእንግዳ ቡድን ደጋፊዎች የሚገቡበት በር በመኖሪያ ቤቶች ሥር ያልፋል፤ ከበሩም ወጥተው በሰው ጓሮ ላይ ይራመዳሉ አሉ። ያን ሁሉ መከራ አልፎ የመጣው ቡድን በላይ የቈየው አንድ ዓመት ነው። በ2024 ወረደ፤ በ2025 ደግሞ ፓራሹቱን ይዞ ወደ ሦስተኛው ክፍል ወረደ። እንግዲህ ጥላው ሁሉን እንደማያድን ከዚህ ይታወቃል።

ስለ አገራችንስ ብንጠይቅ? በኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ጅማ አባ ጅፋር በ2009 ዓ.ም. ከከፍተኛ ሊግ ወጥቶ በ2010 ዓ.ም. በመጀመሪያው ዓመቱ ዋንጫ ወሰደ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክም በ2015 ዓ.ም. ወጥቶ በ2016 ዓ.ም. እንዲሁ አደረገ። በእንግሊዝ በወጣበት ዓመት ዋንጫ የወሰደ ቡድን ከ1978 ወዲህ፣ ማለት ከኖቲንግሃም ፎረስት በኋላ፣ አልታየም። ስለዚህ የእኛ መሰላል አጭርና ለመውጣት የተመቸ ይመስላል። ነገር ግን ጅማ አባ ጅፋር በ2014 ዓ.ም. ወርዷል፤ በ2005 ዓ.ም. ዋንጫ የወሰደው ደደቢት በ2011 ዓ.ም. ወርዷል፤ በ1990 ዓ.ም. የሊጉን የመጀመሪያ ዋንጫ ያነሣው መብራት ኃይልም ኢትዮ ኤሌክትሪክ ከተባለ በኋላ በ2010 ዓ.ም. ወርዷል። ከቡድኖቻችን የሚበዙት የቆሙት ተመልካች በሚከፍለው ዋጋ አይደለምና፣ የሚቀልባቸው የከተማ አስተዳደር ወይም የመንግሥት ድርጅት እጁን ሲዘረጋ ይወጣሉ፣ ሲያጥፍ ይወርዳሉ። በ2011 ዓ.ም. በነሐሴ ወር የተጫዋች ደመወዝ በወር ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር፤ ይህ መወሰኑ ራሱ ምን ያህል ይከፈል እንደ ነበረ ይናገራል። በ2013 ዓ.ም. መግቢያም ከውጭ አገር የቴሌቪዥን ድርጅት ጋር የ5 ዓመት፣ 22.5 ሚሊዮን ዶላር የሚያህል ውል ተደረገ። ውሉ የፕሪሚየር ሊግ ነበር፤ ወደ ከፍተኛ ሊግ የወረደ ከመስኮቱ ይሰወር ነበር።

በክልላችን የወልድያን ነገር ማንሣት ይበቃል። በ2009 ዓ.ም. በጥር ወር 25 ሺህ ያህል ሰው የሚይዝ ያማረ ስታዲዮም ተመረቀላት፤ በ2010 ዓ.ም. ፍጻሜ ቡድኗ ወረደ። ለሉተን ቡድን አለው፣ ሜዳ የለውም፤ ለወልድያ ሜዳ ቀርቶላት ቡድኑ ሄደ። ደስ የሚያሰኘውንም አልሰውርም፤ ፋሲል ከነማ በ2008 ዓ.ም. ወጥቶ በአምስተኛው ዓመቱ፣ በ2013 ዓ.ም.፣ ሻምፒዮን ሆኗል። ሆኖም በወረርሽኙ ምክንያት ግጥሚያው ሁሉ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ብቻ ይደረግ ነበርና ጎንደሬ የቡድኑን ድል በገዛ ሜዳው ሳያይ ቀረ።

ዲያቆኑ ይህን ሲተርክልኝ አንድ ልጅ ታሰበኝ።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ከጋይንት ቆላ ደበሎውን ለብሶ ኮፋዳውን አንግቶ የመጣ፣ አባትና እናት የሌለው ተማሪ ነበረኝ። ልቡናው እንደ ምላጭ ነበር። ሌላው በሁለትና በሦስት ዓመት የሚያልፈውን እርሱ በአንድ ዓመት ከጉባኤ ቃና እስከ ሥላሴ ወጣ። እኔም ደስ ብሎኝ፣ ምናልባትም እንዲህ ያለ ተማሪ አለው መባልን ሽቼ፣ ከመወድስ ተማሪዎች ጋር አስቀመጥሁት። እነዚያ የካህናት ልጆች ነበሩ። ግስ በአባታቸው ጭን ተቀምጠው የሰሙ፣ ስንቃቸው ከቤታቸው የሚላክላቸው፣ መጽሐፍ ያላቸው ናቸው። እርሱ ቀን ቁራሽ ሲለምን ይውላል፤ እነርሱ ግስ ሲያጠኑ ይውላሉ። በአንድ ክብረ በዓል በሊቃውንቱ ፊት መወድስ እንዲቀኝ አቆምሁት። በሦስተኛው ቤት ላይ ቃል ጠፋው፤ ቆመ፤ አንዳንዶች ሳቁ። በማግሥቱ «ወደ ጉባኤ ቃና ተመለስ» አልሁት። ጉልበቴን ስሞ ወደ ታች ወርዶ ተቀመጠ። ስምንት ቀን ተቀመጠ። በዘጠነኛው ቀን ስፍራው ባዶ ሆኖ አገኘሁት።

ለብዙ ዘመን «ትዕቢተኛ ነበር፣ መውረድን አልቻለም» ስል ኖሬአለሁ። እኔ የፈረድሁት በቅኔው ነው፤ በቅኔውም ፍርዴ ትክክል ነበር፤ ዛሬም ያን መወድስ ባደምጠው እንደዚያው እፈርዳለሁ። ያልመዘንሁት በእርሱና በአጠገቡ በተቀመጡት መካከል የነበረውን ርቀት ነው። ከፍ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ የሚቆምበትን ሳላሰናዳለት። የት እንደ ደረሰ ከጋይንት የሚመጣውን ሁሉ ጠይቄአለሁ፤ አንዱ ወደ ቋራ ወረደ፣ ሌላው በቀን ሥራ አዲስ አበባ አየሁት ይለኛል።

ከዚያች ሌሊት በኋላ በጉባኤዬ ጥቂት ነገር ለውጫለሁ። አዲስ ወደ መወድስ የሚወጣ ተማሪ ሁለት ወር ያህል ቁራሽ ፍለጋ አይሄድም፤ ባልንጀሮቹ ከኮፋዳቸው ያካፍሉታል፤ ከነባሮቹ አንዱም ማታ ማታ ግስ ያስጠናዋል። ወደ ታች የሚመለሰውም በደጃፍ በኩል መቀመጡ ቀርቶ በአጠገቤ ይቀመጣል፤ እህሉም አይጓደልበትም። ስንቅ የሚላክላቸው አንዳንዶች አጕረመረሙ፤ ችያቸዋለሁ።

ይህን ሥርዓት ባወጅሁበት ቀን ያ ዲያቆን ከኋላ ሆኖ «የኔታ፣ ይህ እኮ እርስዎ የነቀፉት ፓራሹት ነው» አለኝ።

እኔም «የእነርሱ ለሚወድቅ ብቻ ነው፤ የእኔ ለሚወጣው ነው» ብዬ ልመልስለት ጀመርሁ።

«ለሚወርደውም ሰጥተዋል እኮ» አለ።

ቀና ብዬ ባየው በነጠላው አፉን ሸፍኖ ይሥቃል። የምመልሰው ባጣ ጊዜ «ተቀመጥና ግስ አውርድ» አልሁት።