ተረኛ ክፍል፣ ሻይና ኒያላ

ዛሬ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሲጋራ የሚለኩስ ሰው ቢገኝ የጥበቃ ሠራተኛው ከበር እየሮጠ ይመጣል። የዛሬ አርባ ዓመት ግን፣ የኔ ዕድሜ እኩዮች እንደምታስታውሱት፣ ሲጋራ የማይጨስበት ቢሮ ማግኘት ነበር የሚቸግረው። የሒሳብ ሹሙ ጠረጴዛ፣ የመምህራን ማረፊያ ክፍል፣ የፍርድ ቤት መተላለፊያ፣ በጥላ ሥር የሚቀመጠው የማመልከቻ ጸሐፊ ሳይቀር መተርኮሻ ነበረው። መተርኮሻ ያልተገዛለት ቤት የቲማቲም ድልህ ጣሳ አጥቦ ያስቀምጥ ነበር። ከሁሉም በላይ ግን ለኔ በዓይነ ኅሊናዬ የሚመጣብኝ የፖሊስ ጣቢያ ተረኛ ክፍል ነው።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ጋዜጠኝነት ስጀምር የተሰጠኝ ሥራ በየማለዳው ከጣቢያ ጣቢያ እየዞርኩ ያደረውን የፖሊስ ዜና መልቀም ነበር። ገና ደጃፉን ሳልረግጥ ሽታው ይቀበለኛል፤ ያደረ ሲጋራ፣ የከስክስ ጫማ ቀለም፣ ሌሊት በዝናብ ርሶ ወንበር ላይ የተሰጣ ካፖርት፣ ከጓሮ ካለችው ሻይ ቤት የሚመጣ የቅርንፉድ ሻይ፣ ሁሉም ተቀላቅሎ። ጠረጴዛው ላይ የዕለት ሁኔታ መዝገቡ ተዘርግቷል፤ ገጾቹ በካርቦን የጠቆሩ፣ ጠርዝ ጠርዙ በሲጋራ እሳት እዚህም እዚያም የተጠበሰ። ከመዝገቡ ኋላ ተረኛው ሃምሳ አለቃ፣ ሌሊቱን ሙሉ ያልተኛ ፊቱን በጭስ ጋርዶ፣ «ና ግባ ልጄ፣ ሻይ ጠጣ መጀመሪያ» ይለኛል። ወሬው ከሻይ በኋላ ነው የሚመጣው።

አለኳኮሱን ዛሬም አየዋለሁ። የሸሚዙን የግራ ኪስ ክዳን ከፍቶ የኒያላ ፓኮውን ያወጣል፤ አንዷን ፍሬ መዝዞ፣ ትምባሆው እንዲጠቀጠቅ፣ በአውራ ጣቱ ጥፍር ላይ ሁለት ሦስቴ ቀስ አድርጎ ይመታታል። ክብሪቱን ጭሮ፣ ንፋስ በማይገባበት ክፍል ውስጥ እንኳ፣ ሁለት መዳፉን ገጥሞ እሳቱን ይከልለዋል፤ ለዓመታት ሌሊት ጥበቃ የቆመ ሰው ልማድ ነውና። ውጭ ሲሆን ደግሞ የሚነደውን ጫፍ ወደ መዳፉ አዙሮ ይይዘዋል፤ በጨለማ እሳት የሚያሳይ ዘብ የት እንደቆመ ለሌባው ይነግራል፤ ካፊያም ቢጥል አያጠፋውም። ወር መጨረሻ ላይ፣ ደመወዝ ሲያልቅ፣ ሲጋራዋ ግማሽ ስትደርስ እሳቷን በጥፍሩ ቆርጦ ይጥልና የቀረችውን በክብሪት ሣጥኑ ውስጥ ከእንጨቶቹ ጎን ያስተኛታል። ያቺ ለንጋት ናት።

ይህ ሁሉ ግን በአክብሮት ነበር የሚሠራው። አለቃ ሲገባ ሲጋራ ከአፍ ትወርዳለች፤ የነፍስ አባት በደጅ ሲያልፉ ደግሞ ከመዳፍ ውስጥ ትደበቃለች። ትምባሆ በኛ አገር፣ በተለይ በቤተ ክርስቲያን ዘንድ፣ ከድሮም የተጠላ ነገር ነው፤ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆን አጥብቀው ይከለክሉ እንደነበር የሚታወቅ ነው። ጋያና ሱረት በየአካባቢው ቢኖሩም ደገኛው በጥቅሉ አጫሽን በበጎ አያይም ነበር። ስለዚህ በከተማ ሲጋራ የያዘ ሰው የመንግሥት ሠራተኛ፣ ወታደር ወይም ሾፌር ሆኖ ዘመናዊ ሕይወት ውስጥ የገባ መሆኑ ይታወቅ ነበር። እኔም ጢሜ ገና ሳይበቅል ፓኮ በደረት ኪሴ ይዤ መዞር ጀመርኩ፤ ጋዜጠኛ የሆንኩ የመሰለኝ ማስታወሻ ደብተሬን ሳይሆን እሷን የያዝኩ ለት ነው። እናቴ ግን ኮቴን ስታነሳ ምንም ሳትናገር ዕጣን ታጨስበት ነበር።

ሲጋራውን የሚያደርሱልን ሱቅ በደረቴ ልጆች ነበሩ። ከአንገታቸው ባንጠለጠሉት ሣጥን ላይ ኒያላውን፣ ግስላውን፣ እሌኒውን ከማስቲካና ከክብሪት ጋር ደርድረው፣ ማን ምን እንደሚያጨስ ሳይጠይቁ ያውቁ ነበር። በፍሬ ይሸጡ ስለነበር ለሁለት ሰው አንዲት ገዝቶ መካፈል ነውር አልነበረም። ከአሰብ ወደብ የሚመለሱ የከባድ መኪና ሾፌሮች ደግሞ ሮዝማን ይዘው ሲመጡ ያ ቀን ድግስ ነበር። እነሱ እንቅልፍ ለማባረር፣ የአፋርን በረሃ ሌሊት ሲያቋርጡ በመስኮት ክንዳቸውን አውጥተው ያጨሱ ነበር። አስተማሪው በጠመኔ በነጣ ጣቱ መሐል ይይዛታል፤ የኛ ዋና አዘጋጅ አርዕስት ሲጠፋበት ሁለት ጊዜ ይለኩሳል፣ አንዷ መተርኮሻው ላይ እየነደደች ሌላ። ሲኒማ ስንገባ እንኳ ከማሳያው ክፍል የሚወረወረው ብርሃን በጭስ ውስጥ መንገድ ሠርቶ ይታይ ነበር።

ተረኛ ክፍሉን የወደድኩት ግን ለጭሱ አልነበረም። ሌሊት በወሰን አጥር ወይም በአረቄ ምክንያት የተጣሉ ጎረቤታሞች አንዳቸው የሌላውን ኮሌታ ይዘው ይመጣሉ፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይጮኻሉ። ሃምሳ አለቃው አይጮህም። በአግዳሚው ላይ ራቅ ራቅ አድርጎ ያስቀምጣቸዋል፤ ፓኮውን ለሁለቱም ይዘረጋል፤ በአንድ የክብሪት እንጨት ለሁለቱም ይለኩስላቸዋል፤ ከዚያ የራሱን ይዞ ጣሪያ ጣሪያ እያየ ዝም ይላል። ሲጋራው እስኪያልቅ ማንም አይጠየቅም። አንድ ሲጋራ ቢበዛ አሥር ደቂቃ አይሞላም፤ ነገር ግን በዚያች ጊዜ ውስጥ ቁጣው እንደ ወተት ፈልቶ መልሶ ይወርዳል። «በሉ አሁን ተራ በተራ» ሲል የሚናገሩት ሌሎች ሰዎች ናቸው። ብዙው ነገር እዚያው በሽምግልና አልቆ መዝገብ ላይ ሳይሰፍር ይነጋ ነበር፤ እኔም ባዶ ደብተሬን ይዤ ወደሚቀጥለው ጣቢያ እሄዳለሁ።

እኛ ባለንበት ዓለም ሁሉ ሰው የሚያጨስ ይመስለን ነበር። እውነቱ እንደዚያ አልነበረም። በ2008 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደው የአዋቂዎች የትምባሆ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀመው ከመቶ ሰው 5 ያህሉ ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። በዚያው ዓመት መንግሥት ከብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት 40 ከመቶውን ድርሻ በ510 ሚሊዮን ዶላር ለአንድ የጃፓን ኩባንያ ሸጠ፤ ገዢው ያን ያህል ገንዘብ ያወጣው ገና ባላጨሱት ብዙዎች ላይ ተስፋ ጥሎ መሆኑን ለመረዳት ነጋዴ መሆን አያስፈልግም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 መጥቶ በሥራ ቦታና ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥ ማጨስን፣ ማስታወቂያውን፣ በፍሬ መሸጥን ከለከለ፤ ዕድሜው 21 ላልሞላም እንዳይሸጥ አዘዘ። ደግ አደረገ። ከኛ መሐል በሳልና በትንፋሽ እጥረት የተሰቃዩትን፣ የልጅ ልጅ ሳያቅፉ ያለፉትን ሳስብ፣ አዋጁ ቀደም ብሎ በወጣ እላለሁ።

ሃምሳ አለቃው ግን አዋጅ አልጠበቀም። ሐኪም ደረቱን አዳምጦ «ወይ እሷን፣ ወይ ልጆችህን» ቢለው ከዚያው ሁዳዴ ጀምሮ ተዋት። በግራ ኪሱ የገብስ ቆሎ መያዝ ጀመረ። ተጣልተው ለሚመጡት ሰዎች የሚዘረጋው ከዚያ ወዲያ ቆሎውን ነበር፤ ሻይም ያስመጣላቸዋል፤ እስኪቆረጥሙና እስኪጠጡ አይጠይቃቸውም። ጡረታ እስኪወጣ እንደዚያው ሠራ፤ ነገሩም እንደ በፊቱ እዚያው ያልቅ ነበር።

ስለዚህ ዛሬ ጣቢያ፣ ክሊኒክ፣ ቀበሌም ሆነ ትምህርት ቤት የምትሠሩ ልጆቼ፣ ተቆጥቶ የመጣ ሰው ፊታችሁ ሲቆም ወዲያው ቅጽ አትዘርጉበት። ወንበር ስጡት፣ ሻይ እዘዙለት፣ ትንሽ ታገሡት፣ ከዚያ ጠይቁት። ከዚያ ዘመን መቅረት ያለበት ጭሱ ብቻ ነው።